ሠላሳ ስምንቱ ሜዠሮች

ጥር 9

ለተከበሩ እማማ፣

እንዴት ከርመዋል? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ፤ ከጀርባዬ ቲምፓኒ፣ ያ የኦርኬስትራ ትልቅ ከበሮ፣ አለ።

ለመጀመሪያው ደብዳቤዬ የላኩት ፖስትካርድ ደርሶኛል። ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው ያለበት። ሰላምታ የሚባል ነገር ስላጣሁበት የአባባ እህት መሆንዎን ወዲያው አመንኩ። መልሴ ይኸው።

ማን ነሽ ላሉኝ፤ የወንድምዎ የልጅ ልጅ ነኝ። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እርስዎ ከዚህ ቤት ሲወጡ እኔ አልተወለድኩም፤ ስለዚህ በጠቡ የለሁበትም፣ ማንም ላይ ፊቴን የማዞር ግዴታም የለብኝም። አባባ በሚመሩት ኦርኬስትራ የቫዮሊንን ታላቅ እህት፣ ቪዮላን፣ እጫወታለሁ፤ የመጨረሻዋ ወንበር የኔ ናት። የኖታው ቁም ሳጥን ቁልፍም እኔ ዘንድ ነው። ሹመቱን ያገኘሁት በችሎታዬ እንዳይመስልዎት። እታችኛው መደርደሪያ ድረስ የሚታጠፍ ወገብ ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው።

አድራሻዬን ማን ሰጠሽ ላሉኝ፤ አያቴ ናት። ሽንኩርት እየከተፈች ነው የነገረችኝ፤ እንባዋ የሽንኩርቱ ይሁን የሌላ እንዳይለይ። "እኔ አልሰጠሁሽም" ብላለች። እንግዲህ አልሰጠችኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ኮንሰርት ላይ መሃል መንገድ የቀረውን ያን ትልቅ ሲምፎኒ አባባ እንደገና ሊመሩት ነው። አሥራ አንድ ሳምንት ቀርቶናል። ከዚያ በኋላ በትራቸውን ያስረክባሉ፤ "ይህን ሳልጨርስ አልወርድም" ብለዋል። አሮጌውን ኖታ ጎርፍ ወስዶታል ስለሚባል፣ ዳግም የታተመውን ከውጭ አስመጡ።

እንዴት ያለ መጽሐፍ መሰለዎት! ከመቶ ዓመት በፊት የታተመውን ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሡ ነው ያተሙት። እላዩ ላይ የነበረውን ሁሉ አብረው አትመውታል። የማን እንደሆነ የማይታወቅ የእርሳስ ጭረት አለ፤ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ማኅተም አለ (የቪዮላው መስመር ላይ ተቀምጧል፤ ማን ያዝናል?)፤ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት የተጨፈለቀች ዝንብ። አባባ በማጉያ መነጽር አዩና "እዚህ ጋ ኦቦው አንድ ኖታ አለው፤ ለምን አልተነፋም?" አሉ። ኦቦ የሚነፉት ጡረተኛው ዳኛ "የለኝም" አሉ። "አለህ!" "ወረቀቴ ላይ የለም!" "መጽሐፉ ይዋሻል እንዴ?" ሩብ ሰዓት ተሟገቱ። በመጨረሻ ዳኛው ራሳቸው መጥተው ጎንበስ ብለው አዩና "ክቡር መሪ፣ ይህ ኖታ እግር አለው፤ ስድስት" አሉ።

ከዚያ ወደ ሲምፎኒው ሦስተኛ፣ ዝግ ብሎ ወደሚሄደው ክፍል ገባን። ሙዚቃው ድሮ የቆመበት ቦታ ሲደርስ ቆመ። እኛ ወደ አንድ አቅጣጫ ሄድን፣ አባባ ወደ ሌላ። በትራቸውን ጣሉና "ይኸው! ሠላሳ አንድ ዓመት ያልኩት ይኸው! ገልባጯ ዘላዋለች!" አሉ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እማማ፣ እዚህ ቆጠራ የተሳሳተ ሰው ሁሉ "ገልባጯ ሆንክ" ይባላል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው ኖሬያለሁ። ገልባጯ፣ የየተጫዋቹን ኖታ በእጇ የቀዳችው፣ በእውነት የነበረች፣ ያውም የኛው ዘመድ መሆኗን የሰማሁት የዛሬ ወር ነው።

ቁም ሳጥኑን ከፈትኩና ቆጠርኩ። እርስዎ በእጅዎ የገለበጡት የየተጫዋቹ ወረቀት ሃያ ሰባት ነው። በሃያ ሰባቱም ላይ፣ ዝግ ያለው ክፍል ሲያበቃ፣ ከግርጌ ጉንዳን በምታክል ጽሕፈት 244 የሚል ቁጥር አለ። መሪው ፊት የሚቀመጠውን፣ የሁሉም መሣሪያ ድምፅ አንድ ላይ ያለበትን አዲሱን መጽሐፍ ከፍቼ፣ በዚሁ ክፍል በቋሚ መስመር የተከፈለውን እያንዳንዱን የሙዚቃ ክፍልፋይ ስቆጥር ደግሞ 282 ሜዠር ሆነብኝ። ሠላሳ ስምንት ይጎድላል። ከሁሉም ወረቀት፣ እዚያው አንድ ቦታ ላይ።

እንቅልፍ የጣለው ሰው እንኳ ሃያ ሰባት ጊዜ አንድ ድንጋይ ላይ አይደናቀፍም። ያ ቁጥር ምንድን ነው?

የልጅ ልጅዎ
(የወንድም የልጅ ልጅ ብዬ እንዳልፈርም ወረቀቱ አለቀ)


ጥር 20

ልጄ፣

ቁጥሩ የሜዠሩ ብዛት ነው። ገልባጭ ሲጨርስ ቆጥሮ ከግርጌ ያኖራል፤ ሐኪም ሆድ ከመስፋቱ በፊት መቀሱን እንደሚቆጥር። 244 ጻፍኩ። የተሰጠኝ 244 ነበር።

በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ላነሣሽው፣ ለምን ዝም አሉ ለሚለው፣ መልስ የለኝም። ወይም አለኝ፣ ግን ላንቺ አይደለም።

ስለ ጎርፉ ግን ልጠይቅሽ። ያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጎርፉ ደረጃውን ወጥቶ፣ በር አንኳኩቶ ነው የገባው? ወንድሜ የሚያፍርበትን ነገር አይጥልም። ከልጅነቱ ጀምሮ አልጋ ሥር ነው የሚያስገባው። የሰበረው የእናታችን ሰሃን እስከ ዛሬ እዚያ ሳይኖር አይቀርም።

የቼሎው ወረቀት ገጽ ስድስት ላይ ፈዝዞ ይሆናል። ቀለም እያለቀብኝ ውሃ ጨምሬበት ነበር። ያ የኔ ጥፋት ነው፤ አድሺው።

ለአያትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ከእሷ ወዲያ እንዳይዘልቅ።


ጥር 29

ለተከበሩ እማማ፣

ሰሃኑን አላገኘሁትም። ሌላው ሁሉ ግን አለ።

ጎርፉ በጣም የተማረ ጎርፍ ነው። አሮጌውን ኖታ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በሲባጎ አሥሮ፣ የአባባ ጫማ ካርቶን ውስጥ አስተኝቶታል። አንዲት ጠብታ ውሃ አልነካውም። አባባ ከፀጉር ቤት እስኪመለሱ (ሦስት ፀጉር ለመቆረጥ አንድ ሰዓት ይፈጅባቸዋል፤ አብዛኛው ወሬ ነው) ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ገለጥኩት። ዝግ ያለው ክፍል ላይ ስምንት ገጾች አሉ። ጠርዛቸው ላይ፣ ከፊተኛውም ከኋለኛውም በኩል፣ የአግራፍ ዝገት ታትሟል። ስምንቱን አንድ ላይ ነክሶ የያዘ አግራፍ ነበረ ማለት ነው፤ አንድ ላይ ከተያዙ ደግሞ የሚገልጥ እጅ እንደ አንድ ቅጠል ያልፋቸዋል። በእነሱ ላይ ያለውን ሜዠር ቆጠርኩ። ስንት ሆነ ብለው እንደማይጠይቁኝ አውቃለሁ።

ማታ እራት ላይ ሞከርኳቸው።

"አባባ፣ ወረቀት ላይ ዝገት ከየት ይመጣል?"

"ከብረት።"

"ብረቱስ?"

"ከፋብሪካ።"

"ኖታ ውስጥ ፋብሪካ ምን ያደርጋል?"

"አንቺ የቪዮላ መለማመጃ ሰዓትሽ አልደረሰም?"

አያቴ ሳቋን በዳቦ አፈነችው። ከዚያ ሁለቱም ስለ ጎረቤታችን የውሃ ቧንቧ ማውራት ጀመሩ። ቧንቧው እኮ ከተሠራ ዓመት ሆነው!

እማማ፣ መረረኝ። እዚህ ቤት ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ስጠይቅ "ልጅ ነሽ" እባላለሁ፤ ቁም ሳጥኑ መከፈት ሲኖርበት "ትልቅ ሰው ነሽ" እባላለሁ። እርስዎም ከሩቅ ሆነው ይኸው አንድ አንድ ማንኪያ ነው የሚሰጡኝ። የሆነውን በሙሉ ይንገሩኝ። ምን እንደሚሻልዎትም ይንገሩኝ። ካልሆነ ግድግዳውን አናግራለሁ፤ እሱ ቢያንስ ያስተጋባል።


የካቲት 5

ልጄ፣

አትጩኺብኝ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጩኸት በደብዳቤም ይሰማኛል። እነግርሻለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ያኔ የመጀመሪያውን ሆርን የሚነፋው የአያትሽ ወንድም ነበር፤ ዛሬ ከጀርባሽ ቆሞ ቲምፓኒ የሚደበድበው ሰውዬ። እነዚያ ሠላሳ ስምንት ሜዠሮች ላይ ኦርኬስትራው ሁሉ ዝቅ ይልና ሆርኑ ብቻውን ይወጣል። እሱ አልቻለውም። በልምምድ መጀመሪያ ላይ እንደ ተራበ ጥጃ ነበር የሚያሰማው። ወንድሜ የሚስቱን ወንድም በሰው ፊት ላለማሳፈር ስምንቱን ገጽ በአግራፍ ያዘና "ወረቀቶቹን እንደገና ገልብጪ፤ ይህን ዝለይው፤ ለማንም እንዳትተነፍሺ" አለኝ። ዘለልኩት። ተጫዋች ፊቱ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው፤ ወረቀቱ ከቀጠለ እሱም ይቀጥላል። አንድ ወር ተለማመዱ። "አሳጠርነው" ከመባል በቀር የት፣ ለምን፣ ማንም አልጠየቀም።

ኮንሰርቱ ሊጀመር ሲል አግራፉ የሸሚዙን እጅጌ እየያዘ አስቸገረው። ነቀለው። "አስታውሳለሁ" አለኝ። ሙዚቃው ውስጥ ገባና ረሳው። ገጹን ሲገልጥ የተዘለለው ውስጥ ገባ፤ ኦርኬስትራው እንደተለማመደው አልፎት ሄደ። አዳራሹ ውስጥ የተሳሳተ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በትሩ ያለው ግን በእሱ እጅ ነው። ሁሉን አስቆመ። ወደ ሕዝቡ ዞሮ "ገልባጯ ዘላዋለች፤ ይቅርታ" አለ። ይቅርታው ለሕዝቡ ነበር። የት እንደታጠረ የማያውቁት ተጫዋቾችም ከተባልኩት በላይ የዘለልኩ መሰላቸውና አመኑት። እኔ መጋረጃው ጥግ ቆሜያለሁ።

እዚያው ቆሞ ሳለ ገባው። ፊቱን አይቻለሁ። ጠዋት ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ጠዋት ቁርስ ቀረበ፤ በላ። ሻይ ድገሙኝ አለ። ብዕሮቼን ሰብስቤ ወጣሁ። ለሚስቱ ወንድም ሲል የእናቱን ልጅ አሳልፎ ሰጠ።

አስታርቂን አላልኩሽም። ምን ይሻልዎታል ስላልሽኝ ግን እመልሳለሁ። በፖስታ የሚላክ ነገር አልፈልግም። በኦርኬስትራው ፊት ቆሞ ያለውን፣ በኦርኬስትራው ፊት ቆሞ ይመልሰው። ያን ምሽት የነበሩት ሳያልቁ።


የካቲት 13

ለተከበሩ እማማ፣

ስንት ቀሩ ካሉኝ፤ አራት። ጡረተኛው ዳኛ፣ ትሮምቦኑ፣ ሁለተኛው ኮንትራባስና ጋሼ ነጎድጓድ። (ቲምፓኒስቱን እንዲህ ነው የምንጠራቸው። እሳቸው አልሰሙም፤ ምንም አይሰሙም።)

አባባን አፋጠጥኳቸው። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሁሉን ነገርኳቸው። መጀመሪያ "አልሰማሁሽም" አሉ። ሲሰሙ "አላስታውስም" አሉ። ሲያስታውሱ "ያረጀ ነገር ነው" አሉ። ያረጀ ነገር ካልወደዱ የመቶ ዓመት ዝንብ ከውጭ ምን ያስመጣቸዋል? ይህን አልኳቸው። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ቀሙኝ። በማግስቱ የታችኛው መደርደሪያ አሸነፋቸውና አንድ ቃል ሳይናገሩ ትራሴ ላይ አስቀመጡልኝ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ሠላሳ ስምንቱን መልሰን እናስገባለን። አሁን ሆርን አለን።" አለን እንጂ! ዛሬ ሆርን የምትነፋው የአውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ሳንባዋም የአውቶቡሱ ነው። "የጎደለውን ግን ሰው ይገልብጠዋ" አሉ፤ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው። ጣሪያው ኖታ መገልበጥ ስለማይችል ሰውየው እኔ ሆንኩ።

በምን ትጽፊያለሽ ካሉኝ፤ በቦልፖይንት እስክሪብቶ ነው፤ አይጩኹብኝ። ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው የምሠራው። አያቴ ማጉያ መነጽሩን ትይዝልኛለች፤ ስታንቀላፋ መነጽሩም አብሮ ይወርድና ፍሉቱ ኮንትራባስ ይሆንብኛል። ለዋናው ሆርን የገለበጥኩትን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ቢያርሙልኝ ሥራ ነው እንጂ እርቅ አይደለም፤ ማንም አይጠይቅዎትም።

ሌላ ደግሞ፣ ምሥራች! ከፖስታው ውስጥ አባባ የጻፉልዎትን ደብዳቤ ያገኛሉ። እኔ ባለሁበት ነው የጻፉት፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ።


የካቲት 21

ልጄ፣

"የአባባሽን" ደብዳቤ ከነእርማቱ መልሼልሻለሁ።

ወንድሜ "ውድ እህቴ" ብሎ አይጀምርም፤ በዝናብ ነው የሚጀምረው። "ልቤ በጸጸት ተሞልቷል" አይልም፤ ልቡን በምን እንደተሞላ ጠይቆት አያውቅም። መንቀጥቀጡም ደግሞ ልክ በልክ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል እኩል ተንቀጥቅጧል። የእውነት የሚንቀጠቀጥ እጅ እንዲህ ሥርዓት የለውም፤ የኔን ተመልከቺ። ቀለሙም ያው የሆርኑ ቦልፖይንት ነው።

ቀልድ እወዳለሁ። አንቺንም መውደድ ጀምሬ ነበር። በዚህ ግን አልሳቅሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ነው፤ ከማንም በፖስታ አልፈልግም ብዬሽ ሳለ እንኳ፣ ስከፍተው ለአንድ ደቂቃ ያህል አመንኩት። ቁጭ አልኩ። ያቺን ደቂቃ ማን ይመልስልኛል?

የሆርኑን ወረቀት ሳላርም አስቀምጬዋለሁ።


የካቲት 28

እማማ፣

ይቅርታ።

በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አምስት ወረቀት ቀደድኩ። ስድስተኛው ይህ ነው።

ለምን አደረግሽው አላሉኝም፤ ግን ልመልስ። ሰለቸኝ። እሳቸው በበሩ ይወጣሉ፣ እርስዎ በመስኮቱ ይመለከታሉ፣ እኔ መሃል ላይ የፖስታ ቴምብር እየላስኩ ነው። አንድ ሰው አንድ ቃል ቢናገር ያልቃል ብዬ ቃሉን ራሴ ጻፍኩት። አባባ ሰው እንዳያፍር ብለው አጠፉ፣ እኔ እርቅ ይውረድ ብዬ አጠፋሁ። ለደግ ነገር ብሎ እርስዎን መጉዳት በቤታችን የዘር በሽታ ነው መሰለኝ።

አባባ ደብዳቤውን አያውቁም። ሊነግሯቸው ከፈለጉ ይንገሯቸው፤ አንቺው ራስሽ ንገሪያቸው ካሉም እነግራቸዋለሁ።

ሃያ ሰባቱን ወረቀት ገልብጬ ጨርሻለሁ። እርስዎ ዘንድ ካለው ከሆርኑ በቀር የቀሩትን ሁሉ ከዚህ ጋር ልኬያቸዋለሁ። ሌላ ቅጂ የለኝም። ይህን ያየ ሰው ሞኝ ነሽ ይለኛል፤ አያቴ ብላኛለች። ግን እርስዎን ሳላምን የእርስዎን እምነት መጠየቅ አልቻልኩም። ባያርሟቸውም ይመልሱልኝ። ቢቀዷቸውም... አይ፣ አይቅደዷቸው፤ አውራ ጣቴ አብጧል።

ኮንሰርቱ አንድ ወር ቀረው። አባባ አሁንም ልምምድ ላይ "ያ የተዘለለው ቦታ" ይላሉ። ማን እንደዘለለው አይሉም። በፊት ይሉ ነበር፤ እንግዲህ ይህን እድገት ካሉት እድገት ነው።


መጋቢት 10

ለተከበሩ እማማ፣

"ተጫወታችሁት ወይ?" ካሉኝ፤ ተጫወትነው። ግን ከእሱ በፊት የሆነውን ነው መስማት ያለብዎት። ምንም ሳልጨምር እነግርዎታለሁ፤ መጨመር እንደማያዋጣኝ አይቻለሁ።

ጥቅሉ የደረሰ ቀን ደብዳቤ ይኖረዋል ብዬ ፖስታውን ዘቅዝቄ አራገፍኩት። የለም። ሃያ ሰባቱ ወረቀት ግን ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኗል። "እረፍቱ የት ሄደ?" "ይህ ኖታ ነው ወይስ ዝንብ?" "ሰው በአንድ እጁ ሆርን፣ በአንድ እጁ ገጽ አይገልጥም፤ መግለጫውን እረፍቱ ላይ አድርጊው።" እያንዳንዱን ወረቀት ሳነብ እየተሰደብኩ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አጥርቼ ልገልብጠው ብል አውራ ጣቴ እምቢ አለ። ከነቀይ ቀለሙ ለተጫዋቾቹ አደልኳቸው።

ትናንት ከሰዓት ልምምድ ነበር። ዝግ ያለው ክፍል ላይ ደረስን፤ ሹፌሯ ብቻዋን ወጣች። እማማ፣ ያን ያህል ጊዜ በቦልፖይንት ስቆፍረው የነበረው ነገር እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ቪዮላዬን መጫወት ረሳሁ። ማንም አላስተዋለም፤ ቪዮላ ነው።

ስትጨርስ አባባ አስቆሙን። "ገጹን መቼ ገለጥሽው?" አሏት። "እዚህ ጋ ሆርኑ ገጽ ሲገልጥ ሁሌም ነው የሚደናቀፈው።"

"እረፍቱ ላይ ነዋ" አለች፤ "እዚህ ላይ ግለጭ ተብሎ በቀይ ተጽፎልኛል።"

ከመቆሚያቸው ወርደው ወረቀቱን አነሡ። ማጉያ መነጽሩን ከኪሳቸው አላወጡትም። አላስፈለጋቸውም፤ የእህታቸው እጅ ጽሕፈት ነው። ወደኔ ዞረው ይቆጡኛል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅሁ። አላዩኝም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። ወረቀቱን እንደያዙ ተመልሰው መቆሚያቸው ላይ ወጡ። ከዚያ በትራቸው አየር ስትቆርጥ ከምታሰማው በማይበልጥ ድምፅ እንዲህ አሉ፤

"ሠላሳ ስምንቱን እህቴ አልዘለለችም። እኔ ነኝ ያዘለልኳት። ጥፋቱ የኔ ነበር።"

ከጀርባዬ ጋሼ ነጎድጓድ፤ "ምን አለ? ከስንተኛው ሜዠር?"

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጥፋቱ የኔ ነበር አልኩ።"

"ማነው ያጠፋው? ትሮምቦኑ?"

"እኔ ምንም አልነፋሁም!" አሉ ትሮምቦኑ ከወንበራቸው እየተነሡ።

ወጣቶቹ አፋችንን በእጃችን ይዘናል። አባባ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ከዚያ ሦስተኛውን ጮኹት፤ እንዲህ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም። "እኔ! እኔ ነኝ! እህቴ አልተሳሳተችም! ጥፋቱ የኔ ነው!" መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ከነመወልወያዋ በበሩ ብቅ ብላ "ምን ተሰበረ?" አለች።

ጋሼ ነጎድጓድ ሰሙ። ከበሮ መምቻቸውን አስቀመጡ። "ለምን?" አሉ።

አባባ ወለሉን አዩ። "አንተ እንዳታፍር። ሆርኑን ስለማትችለው።"

"እንደማልችለውማ ማን ያላወቀ ነበር? ሚስቴ ታውቃለች። ጎረቤቴ ያውቃል። ስለማመድ ውሻዬ ያለቅስ ነበር! ብትነግረኝ እኮ ወንበሬን ለሌላ ሰው ለቅቄ ቁጭ እል ነበር። እሷን ግን ለምን?"

አባባ የሆርኑን ወረቀት አጥፈው መልሰው ዘረጉት። እኔም በእሳቸው ፋንታ የምወረውረው ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። ሳቃችን የት እንደገባ እንጃ። ጋሼ ነጎድጓድ ጀርባቸውን ሰጥተው ቲምፓኒውን መቃኘት ጀመሩ፤ ተቃኝቶ ነበር። ኋላ ላይ ዳኛው ኦቦውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው "'ገልባጯ ሆንክ' የሚለው አነጋገር ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል፤ ይግባኝ የለውም" አሉ።

ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመርን። ሳንቆም ዘለቅነው።

እኔም እቤት ስንገባ የሐሰቱን ደብዳቤ ነገር ለአባባ ተናዘዝኩ። "ምን ብዬ ጻፍኩላት?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ውድ እህቴ? እኔ?" ብለው እስከ ማታ ተናደዱብኝ። በሌላው አይደለም፤ በሱ።

ይመጣሉ ወይ ብዬ አልጠይቅም፤ ሰልችቶኛል መጠየቅ። አያቴ ግን የጓዳውን አልጋ አንሶላ ቀይራለች። "ለማናፈስ ነው" ብላለች።


መጋቢት 19

ልጄ፣

እዚህ ሲዘንብ ሰነበተ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ጊዜ ደግሞ ጎረቤቴ አነበበችልኝ፤ የውሻው ላይ ስትደርስ በሳቅ ማንበብ አቃታት። ስላልጨመርሽበት አመሰግናለሁ። የሐሰቱን ለአባባሽ መናዘዝሽንም ወድጄዋለሁ፤ እዚህ ጋ ተዘጋ።

እመጣለሁ አላልኩም። ባቡሩ ስንት ሰዓት እንደሚገባ ጠይቄያለሁ፤ መጠየቅ መምጣት አይደለም። አያትሽ አልጋውን ታናፍሰው።

አንድ እርማት ብቻ አለኝ። ሦስት ጊዜ አለ ብለሽኛል። እኔ ስጠብቅ የነበረው አንድ ነው። ሁለቱ ትርፍ ናቸው፤ የኔ ያልሆነ ነገር ቤቴ ማስቀመጥ አልወድም፤ መልሺለት። አንዱን ለአያትሽ ይስጣት። በባሏና በወንድሟ መሃል ተቀምጣ፣ ሁሉን እያወቀች፣ ይህን ሁሉ ዓመት የሁለቱንም ሰሃን ያጠበችው እሷ ናት። የቀረውን ደግሞ ኪሱ ውስጥ ያኑረው። ገና ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ያጠፋል።